ዓርብ የተማሪው፣ ቅዳሜ የኮሌጁ

ስለ ስታዲየም ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ስንት ሰው እንደሚይዝና ስንት ገንዘብ እንደፈጀ ነው። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሩን የሚከፍተው ማን ነው? በየትኛው ቀን? ለማን? የአንድ ሜዳ ታሪክ ፍሬው ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆን ሜዳ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ አቢሊን በምትባል ከተማ ይገኛል። ሾትዌል ስታዲየም ይባላል። በ1959 ተከፈተ፤ ወደ 15,000 ተመልካች ይይዛል። ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና አንድ አነስተኛ የግል ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሜዳ ላይ አብረው ኖረዋል። ይህን የሚሰማ ሰው ዩኒቨርሲቲው ሜዳውን ለትምህርት ቤቶቹ ያዋሰ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ባለቤቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ነው። ተከራዩ ዩኒቨርሲቲው ነበር።

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። "ፉትቦል" ሲባልም በእጅ የሚያዘውና የሚወረወረው፣ አልፎ አልፎ ብቻ በእግር የሚመታው የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው።)

የባቡር ልጅ የሆነች ከተማ

አቢሊን ከዳላስ ወደ ምዕራብ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሜዳማና ነፋሻ በሆነ አገር ላይ ተቀምጣለች። የተቆረቆረችው በ1881 የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ነው። ስሟን ራሱ የወሰደችው በከብት ንግድ ከምትታወቀው የካንሳሷ አቢሊን ነው። በከብትና በጥጥ ጀመረች፤ በኋላ ዘይት መጣ። የሃይማኖት ተቋማትም ቶሎ ደረሱባት። ባፕቲስቶች በ1891፣ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባሉት ምእመናን በ1906፣ ሜቶዲስቶች በ1923 በየተራ ኮሌጅ ከፈቱ። በአንዲት መካከለኛ ከተማ ሦስት የቤተ እምነት ኮሌጆች ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተከራይ የሆነው ሁለተኛው፣ ዛሬ አቢሊን ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው።

የ1950ዎቹ ዓመታት ለከተማዋ የጥድፊያ ጊዜ ነበሩ። በ1950 ሕዝቧ 45,570 ነበር። በ1960 በተደረገው ቆጠራ 90,368 ሆነ። በአሥር ዓመት እጥፍ! በ1956 የአየር ኃይል ሰፈር ተከፈተ፤ ወታደሩም ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ቤት ሲበዛ ልጅ በዛ፣ ልጅ ሲበዛ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠበበ። ስለዚህ ከነባሩ አቢሊን ሃይ ጎን ኩፐር የሚባል ሁለተኛ ትምህርት ቤት በ1960 ሥራ ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መሐል ከተማዋ በፉትቦል ሰክራ ነበር። አቢሊን ሃይ በአሠልጣኝ ቸክ ሞዘር እየተመራ ከ1954 እስከ 1957 ባሉት ዓመታት 49 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። 1954፣ 1955 እና 1956 ላይ የግዛቱን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አነሳ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ሾትዌል ስታዲየም ከመሠራቱ በፊት ነው። ስታዲየሙ ድሉን አላመጣም። ድሉ የመጣው ስታዲየሙ ከመቆሙ አስቀድሞ ነው።

ስሙም ቢሆን የገንዘብ ሰጪ ወይም የኩባንያ ስም አይደለም። ፒ. ኢ. ሾትዌል በ1923 አቢሊን ሃይን ለመጀመሪያ ጊዜ የግዛት ሻምፒዮን ያደረገ አሠልጣኝ ነበር።

አንድ ትምህርት ቤት እንዴት 15,000 ወንበር ይሠራል?

እዚህ ላይ የቴክሳስን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው የከተማው ከንቲባ አይደለም። ራሱን የቻለ የትምህርት ወረዳ አለ። ወረዳው ነዋሪው የሚመርጠው ቦርድ አለው፤ በቤትና በመሬት ላይ ግብር ይጥላል። ትልቅ ግንባታ ሲያስብ ደግሞ ቦንድ ለመሸጥ ሕዝቡን ድምፅ ያሰጣል። ነዋሪው "እሺ" ካለ ይገነባል፤ ዕዳውንም ነዋሪው ለዓመታት በግብር ይከፍላል።

ስለዚህ የአንድ ትምህርት ወረዳ ስታዲየም የርእሰ መምህሩ ምኞት ብቻ አይደለም። ልጅ ያለውም የሌለውም፣ ጨዋታ የሚወደውም የማይወደውም ግብር ከፋይ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ንብረት ነው። ለዚህም ነው አከራዩ ማን እንደሆነ የሚገደው። ለኮሌጁ በሩን የሚከፍተው በምርጫ የተቀመጠ፣ ለነዋሪው መልስ የሚሰጥ አካል ነበር።

ተከራዩ ለምን ተከራየ?

አቢሊን ክርስቲያን በተማሪ ክፍያና በበጎ አድራጊዎች ስጦታ የሚኖር ተቋም ነው። ቀደም ሲል በግቢው ውስጥ የራሱ ሜዳ ነበረው፤ ከ1940ዎቹ ወዲህ ግን ትልልቅ ጨዋታዎቹን ከግቢ ውጭ ያደርግ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን በዓመት በሜዳው የሚጫወተው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ነው። ለስድስት ቀን ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ወንበር መትከል፣ መብራት ማቆም፣ ሣር ማጠጣት ለትንሽ ኮሌጅ ከባድ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶችና አንድ ኮሌጅ ሲካፈሉት ግን ያው ሜዳ በአንድ የውድድር ወቅት አሥራ አምስት ያህል ጊዜ ያገለግላል። ወጪው ያው ሆኖ ጥቅሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ጨዋታውም ለመካፈል ይመቻል። የፉትቦል ሜዳ ልኩ ለተማሪም፣ ለኮሌጅም፣ ለፕሮፌሽናልም አንድ ነው። ርዝመቱ መቶ ያርድ ሆኖ በሁለቱ ጫፍ አሥር አሥር ያርድ ይጨመርበታል። ከዚህም በላይ የቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጥቂት ልዩነቶች በስተቀር የሚጫወቱት በኮሌጆቹ ደንብ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ግዛቶች እንዲህ አያደርጉም።

ቢሆንም ሁሉም ነገር አንድ አይደለም። ለምሳሌ የግቡ ስፋት አለ። ከ1991 ወዲህ የኮሌጅ ግብ ከትምህርት ቤቱ ግብ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ጠብቧል። ሜዳ የሚካፈል ሁሉ በዓርብ ማታና በቅዳሜ መሐል ይህን ማሰብ አለበት፤ ለዚሁ ተብለው የሚሰፉና የሚጠቡ ምሰሶዎችም ይሠራሉ። የሣሩም ጉዳይ አለ። ዓርብ ዝናብ ላይ የተረገጠ ሣር ቅዳሜ አያገግምም። አብሮ መኖር ሲወራ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ ነው።

የቀን ድልድል

ዋናው ጉዳይ ግን ቀን ነው። በቴክሳስ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ቅዳሜ የኮሌጅ ነው። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት የፕሮፌሽናሎቹ ነው። ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም አለው። በ1961 የአሜሪካ ምክር ቤት የስፖርት ስርጭት ሕግን ሲያወጣ ለፕሮፌሽናሉ ሊግ የቴሌቪዥን መብቱን በጅምላ የመሸጥ ፈቃድ ሰጠው። በምላሹ ግን አጥር አስቀመጠ። ከመስከረም አጋማሽ አካባቢ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንታት ድረስ፣ ዓርብ ማታና ቅዳሜ የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ጨዋታ ባለበት 120 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የፕሮፌሽናል ጨዋታ የሚያሰራጭ ሊግ ያን ፈቃድ ይነፈጋል። ትልቁ ሊግ የአሥራ ስድስት ዓመቱን ልጅ ተመልካች እንዳይነጥቀው ማለት ነው።

ይህ መልካም ጎኑ ነው። ሌላ ጎን ደግሞ አለ።

ስታዲየሙ በተከፈተበት በ1959 ቴክሳስ ገና በዘር የተከፈለች ነበረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለየትን ሕገ ወጥ ካለ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ውሳኔው ግን መሬት አልወረደም። በአቢሊን ጥቁር ተማሪዎች የሚማሩት ውድሰን በሚባል የተለየ ትምህርት ቤት ነበር። 49 ጨዋታ ያሸነፈው የአቢሊን ሃይ ቡድን የነጭ ልጆች ብቻ ቡድን ነበር።

በመላው ቴክሳስ የጥቁር ትምህርት ቤቶች ስፖርት የሚመራው ከ1920 ጀምሮ በተለየ ሊግ ነበር። እነዚያ ትምህርት ቤቶች በብዙ ከተሞች የነጮቹን ስታዲየም ይጋሩ ነበር፤ ግን የሚደርሳቸው የተረፈው ቀን ነው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ። ዓርብ አይሰጣቸውም። ወንበሩ ያው፣ መብራቱ ያው፣ ሣሩ ያው፤ ቀኑ ግን የሌላ ነበር። የነጮቹ ሊግ በሩን የከፈተላቸው በ1967 ነው። የራሳቸው ሊግ በ1970 ፈረሰ።

"ተጋሩት" የሚለው ቃል የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ሜዳ ተጋሩ ማለት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። እኩልነቱ የሚታየው ማን ዓርብን እንዳገኘና ማን ሐሙስ እንደተሰጠው ሲጠየቅ ነው።

ኮሌጁም በዚህ ረገድ ንጹሕ አልነበረም። ጥቁር ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1973፣ ከሚሲሲፒ ግሪንቪል የመጣ ዊልበርት ሞንትጎመሪ የሚባል ጥቁር ወጣት የኮሌጁን ማሊያ ለበሰ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ ለአነስተኛ ኮሌጆች የሚሰጠውን ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። ዳኝነቱን ሜዳው ሰጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

63 ሜትር

ኦክቶበር 16 ቀን 1976 ቅዳሜ ነበር። ኮሌጁ "ዩኒቨርሲቲ" የሚለውን ስም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ተጋጣሚው ኢስት ቴክሳስ ስቴት ነበር። በአቢሊን በኩል ለመምቻ የቆመው ኡቬ ዮሃንሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው። ያደገው በእኛ እግር ኳስ ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ከጀመረ ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላውም ነበር።

ኳሱ የተቀመጠው ከመሐል መስመር ወዲህ፣ በራሱ ቡድን ክልል 41ኛው ያርድ ላይ ነበር። ከዚያ እስከ ግቡ 69 ያርድ ነው፤ 63 ሜትር ገደማ። መታው። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ አለፈ።

በዚያው ቀን ቀደም ብሎ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋች ቶኒ ፍራንክሊን በሌላ ከተማ 64 እና 65 ያርድ መትቶ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ጉዱ እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። አቢሊን 17 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያው ጨዋታ ሞንትጎመሪም የኮሌጅ ተጫዋቾችን የተችዳውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለቱም በኋላ የፊላደልፊያ ኢግልስን ማሊያ ለብሰዋል።

ያ ምት እስከ ዛሬ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ረጅሙ ነው። የትልልቆቹ ኮሌጆች ማኅበር መዝገብ ላይ ግን ረጅሙ ተብሎ የተጻፈው 67 ያርድ ነው። ምክንያቱም አቢሊን ያኔ የሚወዳደረው በአነስተኛ ኮሌጆች ማኅበር ውስጥ ነበርና ነው። ለመስበርም ዛሬ የበለጠ ይከብዳል። በ1976 ኳሱን ከመሬት ከፍ በሚያደርግ ትንሽ መቀመጫ ላይ አድርጎ መምታት ይፈቀድ ነበር፤ ከ1989 ጀምሮ በኮሌጅ ተከልክሏል። ግቡም፣ ከላይ እንደተባለው፣ ጠብቧል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ንብረት በሆነ ሜዳ ላይ፣ ተከራይ የሆነ ትንሽ ኮሌጅ፣ በባዕድ አገር ልጅ እግር የዓለምን ዓይን ሳበ። ዓርብ ማታ ደግሞ የአቢሊን ሃይና የኩፐር ልጆች በዚያው ሣር ላይ ይሮጣሉ። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ 41ኛው ያርድ ላይ ቆሞ ወደ ግቡ መመልከት፣ ርቀቱንም በዓይኑ መለካት ይችል ነበር። ይህ በገንዘብ የማይተመን የጋራ ሜዳ ጥቅም ነው።

ትምህርት ቤቶቹም የራሳቸውን ታሪክ ጽፈዋል። ኩፐር በ1967 ለግዛቱ ፍጻሜ ደርሶ በኦስቲን ሬገን 20 ለ 19፣ በአንዲት ነጥብ ተሸነፈ። አቢሊን ሃይ ደግሞ ከ1956 ወዲህ የጠፋበትን ዋንጫ በ2009 መለሰ። ዩኒቨርሲቲው በ2008 በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዌስት ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሾትዌል 93 ለ 68 አሸንፏል። የፉትቦል ውጤት ነው፤ የቅርጫት ኳስ አይደለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ለምን ወጣ?

በ2013 ወደ ከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር እርከን መሸጋገር ጀመረ። በ2014 የ55 ሚሊዮን ዶላር የግንባታ ዘመቻ አወጀ፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለስታዲየም ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በሴፕቴምበር 2017 በግቢው ውስጥ አዲሱ ስታዲየም ተመረቀ። የሚይዘው እስከ 12,000 ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው ከትልቅ ቤት ወጥቶ ወደ ትንሽ ቤት ገባ ማለት ነው። ትንሹ ግን የራሱ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። ተከራይ በሰው ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አይሰቅልም። ከግቢ ርቆ የሚደረግ ጨዋታ መኪና የሌለውን ተማሪ ያስቀረዋል። አዲስ ተጫዋች ሊያስፈርም የመጣ አሠልጣኝ "ይህ ቤታችን ነው" ብሎ የሚያሳየው የሌላ ተቋም ስም የተጻፈበትን በር ከሆነ ነገሩ ይደበዝዛል። 15,000 ወንበር ላይ ጥቂት ሺህ ሰው ሲቀመጥም ግማሹ ባዶ ሆኖ ይታያል። የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ከዚህ አንጻር ሲታይ ምክንያት አለው።

ኪሳራው ግን ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ አይታይም። ከተማው ዓርብም ቅዳሜም የሚገናኝበት አንድ ቦታ ነበረው፤ አሁን ሁለት ቦታ አለው። የትምህርት ወረዳው ተከራይ አጣ፤ ሣሩና መብራቱ ግን ወጪውን አላቆመም። ስጦታ የሰጠ ቤተሰብ ገንዘቡን ወዳሻው ማዋል መብቱ ነው። በጋራ ሲሠራ የነበረን ነገር በስጦታ ገንዘብ ሁለት ማድረግ ግን ሁልጊዜ እድገት ነው ማለት አይቻልም።

የራስን ብቻ ማሰብ ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ከዳላስ ሰሜን ያለችው አለን ከተማ አሳይታለች። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ያለው የትምህርት ወረዳ በ2012 በ60 ሚሊዮን ዶላር 18,000 ወንበር ያለው ስታዲየም አስመረቀ። በ2014 ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ተዘጋ፤ ተጠግኖ የተከፈተው በ2015 ነው።

በሌላ በኩል የአቢሊን መንገድ አልተዘጋም። ከአቢሊን በስተ ምዕራብ ባለችው ኦዴሳ፣ የመንግሥት የሆነው የፐርሚያን ቤዝን ዩኒቨርሲቲ በ2016 የፉትቦል ቡድን ሲመሠርት ስታዲየም ልሥራ አላለም። 19,000 ያህል ሰው ወደሚይዘው፣ የትምህርት ወረዳው ንብረት ወደሆነው ራትሊፍ ስታዲየም ሄደ። አንዱ ከኪራይ በወጣበት ጊዜ ሌላው ገባ።

ምን ይቀራል?

ከሾትዌል ታሪክ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ የጋራ ሜዳ በፍቅር ብቻ አይቆምም። ባለቤቱ መታወቅ አለበት። በአቢሊን ሃምሳ ስምንት የውድድር ወቅት አብሮ መኖር የተቻለው ቁልፉ የማን እንደሆነ ስለማያከራክር ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሹ ለትልቁ ማከራየት ይችላል። "ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ስም ትልቅ ሆኖ "ሁለተኛ ደረጃ" የሚለው ትንሽ ቢመስልም፣ በግብር ከፋዩ ገንዘብና በምርጫ የቆመ የትምህርት ወረዳ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የበለጠ አቅም ሊኖረው ይችላል። ባለቤት ሆኖም ለልጆቹ የሚበልጠውን ቀን አስቀርቷል። ተከራዩ ቅዳሜን ወሰደ፤ ዓርብ ግን ከተማሪዎቹ እጅ አልወጣም። ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ቢሆን ኖሮ ድልድሉ እንዲሁ ይሆን ነበር ብሎ መማል ይከብዳል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ማንኛውም "የጋራ" የተባለ ነገር ሲታይ የወንበሩን ብዛት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን መጠየቅ ነው። ዓርብ የማን ነው? ሐሙስ የተሰጠው ማነው? ምንም ቀን ያልተሰጠውስ? የቴክሳስ ጥቁር ተማሪዎች በዚያ መብራት ሥር ለአሥርት ዓመታት ተጫውተዋል፤ ዓርብን ለማየት ግን እስከ 1967 መጠበቅ ነበረባቸው።

ሾትዌል ዛሬም ቆሟል። ቅዳሜው ቀዝቅዟል። ዓርብ ማታ ግን መብራቱ ይበራል፤ አቢሊን ሃይና ኩፐር ይገባሉ። ተከራዩ መጣም ሄደም፣ ሜዳው የተሠራላቸው ልጆች አሁንም እየተጫወቱበት ነው።